በመዝገብ ላይ የተጨመረልኝ ዕድሜ

እናቴ የወለደችኝ ነሐሴ 24 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ የትምህርት ቤት መዝገቤ ግን መስከረም 1 ቀን 1969 ዓ.ም. እንደ ተወለድሁ ይናገራል። የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ቀኑን ለሚቈጥር ግን ሁለት ዓመት ሊሞላ የቀረው ዐሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ያልኖርኋቸውን እነዚያን ሁለት ዓመታት ተሸክሜ ከአንደኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ዛሬ ስለ ክፍል ታናሽነት ለመጻፍ የተነሣሁትም በእነርሱ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደብረ ብርሃን ነው። አባቴ በብርድ ልብስ ፋብሪካው በፈረቃ ይሠራ ነበር፤ እናቴ ጉሊት ትውል ነበር፤ ታላቅ እኅቴ ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ ቤት ውስጥ እኔን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ አራት ዓመት ሳይሞላኝ ቄስ ትምህርት ቤት ተላክሁ። በዚያ ዕድሜ ሕፃን ወደ የኔታ የሚላከው ሊቅ እንዲሆን ሳይሆን ከእሳትና ከጉድጓድ እንዲጠበቅ መሆኑን አሁን እረዳለሁ። ቢሆንም በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ፊደሉን ከነአቡጊዳው ጨርሼ መልእክተ ዮሐንስን ማነብነብ ጀመርሁ። የማነበውን ትርጉም አላውቅም ነበር፤ ያወቀብኝም አልነበረም። የአባቴ ጓደኞች ቤት በመጡ ቁጥር ጋዜጣ አስነብበው ሳንቲም ይሰጡኝ ስለ ነበር፣ ይህ ልጅ ያለ ቦታው ጊዜው እየባከነ ነው የሚለው ሐሳብ በቤታችን ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ።

በመስከረም 1976 ዓ.ም. አባቴ እጄን ይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ወሰደኝ። በሰፈራችን የልደት ምስክር ወረቀት የነበረው ልጅ አላስታውስም፤ ዕድሜ የሚለካው በጆሮ ነበር። ርእሰ መምህሩ ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን እንድይዝ አዘዙኝ። የሕፃን ጭንቅላት ከቀረው አካሉ ቀድሞ ስለሚያድግ፣ ክንዱ አናቱን ዞሮ ጆሮው ላይ የሚደርሰው ስድስት ሰባት ዓመት ሲጠጋው ነው። የእኔ ጣቶች ግን ከጆሮዬ በላይ ፀጉሬ ውስጥ ቀሩ። አንገቴን ሰብሬ፣ ትከሻዬን ሰቅዬ ሞከርሁ፤ ርእሰ መምህሩ ሳቁና ዓመት ቈይቶ እንዲመጣ ለአባቴ ነገሩት። አባቴ ከኮቱ ኪስ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አውጥቶ ከፊቴ ዘረጋው። ርእሱን ከነዝርዝሩ አንበለበልሁት። ርእሰ መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና ወደ ጸሐፊው ዞረው «ሰባት ዓመት በለው» አሉ። ጸሐፊውም ከ1976 ላይ ሰባት ቀነሰ፤ ወርና ቀን የሚሞላበት ቦታ ላይ ሲደርስም እንደ ልማዱ መስከረም 1 ብሎ ጻፈ።

በውጭ አገር ስለ ክፍል ታናሽነት የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ዐሥራ አንድ ወር ልዩነት ነው። በእኛ ክፍል ግን የአምስት ዓመቱ እኔና አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ፊደል እንቈጥር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ የመማር ፍላጎት ቀስቅሶ ስለ ነበር፣ ከብት ሲጠብቁ የኖሩ ልጆች ዘግይተው ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይጐርፉ ነበር። ክፍሉ ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ተማሪ ነበረበት፤ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም አራት ሆነን እንቀመጣለን። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የምንሰለፈው በቁመት በመሆኑ የሰልፉ መጀመሪያ እኔ ነበርሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከፊቴ የሚከልለኝ ስለሌለ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እኔን ነበር።

የመጀመሪያው ችግሬ ከትምህርቱ ሳይሆን ከቋንቋ የመጣ ነው፤ ከዴስክ ጓደኛዬ ጋር በምን ቃል እንደምነጋገር አላውቅም ነበር። በቤታችን ሥርዓት እንዲያ የሚያህልን ልጅ በስሙ መጥራት ነውር ነው። ስለዚህ ጋሼ አልሁት። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህርታችንም በክፍል ውስጥ ሁሉም ተማሪ እንጂ ጋሼ የሚባል እንደሌለ አስረድተው በስሙ እንድጠራው አዘዙኝ። ሞከርሁ፤ ስሙ ከአፌ አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ ክፍሉ ሁሉ ጋሼ እያለ ይጠራው ጀመር፤ እርሱም ለምዶት በዚያው ጸና።

ጋሼ ከከተማው ውጭ ካለ ቀበሌ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ ተጉዞ ይመጣ ነበር። በኋላ ከአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ስንቁን ይዞ እየተመለሰ መማሩን ቀጠለ። እርሱ ሒሳብ በቃሉ ይሠራል፤ ከብትና በግ ሲቈጥር ያደገ ሰው መደመርና መቀነስ አያስቸግረውም። ንባብ ግን ይከብደው ነበር። እኔ ደግሞ አነባለሁ፤ ነገር ግን ጫማዬን ማሰር አልችልም፤ መሸኛ ጠይቄ ወደ ሽንት ቤት ስሄድም ቁልፌን መፍታት ይቸግረኝ ነበር። ስለዚህ ሳንነጋገር ተስማማን። እኔ በጆሮው አነብለታለሁ፤ እርሱ ጫማዬን ያስርልኛል፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ የሚገፋኝ ሁሉ የእርሱን ትከሻ አይቶ ያልፈኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ሦስተኛ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ጎበዝ አለኝ። በሁለተኛ ክፍል ደብል ይምታ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እናቴ ግን «ጥርሱ እንኳ ገና አልተነቀለም» ብላ እንቢ አለች፤ ባለውለታዬ ናት። እውነቱን ለመናገር እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ ታናሽነቴ ጉዳት አላመጣብኝም፤ እንዲያውም ጌጥ ነበር። ብሳሳት ሕፃን ነው ይባላል፤ ባውቅ ደግሞ ሕፃን ሆኖ አወቀ ይባላል። ቅር የሚለኝ በቡድን ሥራ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሐሳብ ስሰጥ ከኋላ አንዱ ድምፁን አጐርንኖ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል፤ ሐሳቤም ትክክል ሆነ አልሆነ እዚያው ይቀራል።

ዕድሜ ከጌጥነት አልፎ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያየሁት ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ታውጆ ነበር፤ የሚመለከተውም ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ነው። በ1981 ዓ.ም. እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ጋሼ ዐሥራ ስምንት። በእኔ መዝገብ ላይ ዓመት በተጨመረበት አገር የእርሱ ቢጤዎች በዚያን ሰሞን ዓመት ለማስቀነስ ይማልዱ ነበር። ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ፣ አጭር ሱሪ ለብሰው የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ እኛ ሕፃናቱ እንስቅባቸው ነበር። የቀበሌ ሰዎች ግን መዝገብ አይጠይቁም፤ የሚያዩት ጢምና ትከሻ ነው። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ሰኞ ጠዋት የጋሼ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምን እንደ ተሰማኝ ብጠየቅ መልሱ ያሳፍረኛል፤ ዴስኩ ሰፋልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ክርኖቼን ዘርግቼ ጻፍሁ። ማታ ወደ ቤት ለመሄድ የጫማዬ ክር ሲፈታብኝ ነው ያለቀስሁት፤ ያን ጊዜ ክሬን እኔው ራሴ ማሰር ከቻልሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ ይህ ግን ሁሉንም እኩል ስላደናገረ ለእኔ ብቻ የተለየ አልነበረም። የተለየው አካላቸው ነው። በአንድ ክረምት ውስጥ የወንዶቹ ድምፅ ጐረነነ፤ ሴቶቹ ነጠላ መልበስ ጀመሩ፤ ለእኔ የማይገባ ሳቅ በክፍሉ ውስጥ ይዘዋወር ጀመር። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ስለ ነበር እዚያው ነበርሁ። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ቡድን ሲመረጥ ሁለቱ አምበሎች ሰው ጨርሰው እኔ ስቀር «ለእናንተ ይሁን፤ አይ ለእናንተ» ተባብለው ይሰጣጡኝ ነበር። ሴቶቹ እንደ ታናሽ ወንድም ያዩኛል፤ ጉንጬን ይቈነጥጡኛል። ማንም ስለማይጠረጥረኝም የፍቅር ደብዳቤ አመላላሽ ሆንሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ናፍቆት በደብተሬ መካከል ተሸክሜያለሁ፤ አንዱን እንኳ ከፍቼ አላነበብሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን እንደ መልእክተ ዮሐንሱ ሁሉ አንብቤም አልተረዳሁትም።

ሰዎች ታናሽ ሆኖ መማር የሚጐዳው በአንደኛ ክፍል ይመስላቸዋል። በእኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ቶሎ ማንበብ የቻለ ሕፃን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአእምሮው እየተሸፈነ ያልፋቸዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው አእምሮ ሳይሆን አካልና ልብ በሚጠየቁበት ጊዜ ነው። ከስምንተኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ዝም ማለትን ተማርሁ። ውጤቴ አልወደቀም፤ መምህራኑም ጨዋ ልጅ ይሉኝ ነበር። ጨዋነት ሳይሆን ከእነዚያ ትልልቅ ልጆች ፊት ቃል ማውጣት መፍራት ነበር፤ ያ ፍርሃት ዛሬም በስብሰባ ላይ እጄን ለማንሣት ስል ይቀድመኛል።

በ1987 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትኜ አለፍሁ። አራት ኪሎ ስገባ ዐሥራ ሰባት ዓመት ከሞላኝ ገና ሳምንታት መሆናቸው ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲው ብዙ የምለው የለም፤ በዚያ ሁሉም ሰው ከየአገሩ መጥቶ እንግዳ ስለሆነ የእኔ እንግድነት ጐልቶ አልታየም። በ1992 ዓ.ም. ግን በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆኜ ስመደብ ታናሽነቴ እንደ ገና ተከተለኝ። በመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ቆሜ ሳለሁ ዩኒት ሊደሩ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙና ወደ ሰልፌ እንድገባ አዘዙኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በዘጠነኛ ክፍል ካስተማርኋቸው መካከል ሃያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ነበሩ።

በዚያ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው ጋሼን እንደ ገና ያገኘሁት። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን በሕይወት ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ትምህርቱን ትቶ ማረስ ጀምሮ ነበር። ልጁን ሊያስመዘግብ መጣ። በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ጐንበስ አለና «መምህር፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ። ማን መሆኑን ለይቼው ጋሼ ብዬ ስነሣ ደነገጠ፤ ካወቀኝም በኋላ አንቱታውን አልተወም። አንተ በለኝ ብዬ ለመንሁት፤ ሞከረ፤ እንደ እኔ እንደዚያ ዘመኑ ከአፉ አልወጣ አለው። ሁለታችንም ተከባብረን እርሱ ለእኔ አንቱ፣ እኔ ለእርሱ ጋሼ እያልን ልጁን መዘገብነው። የልጁን የልደት ቀን ስጠይቀው ጥቂት አሰበና «መስከረም ላይ ያድርጉት» አለኝ።

መምህር ከሆንሁ ወዲህ የክፍል ኀላፊ ሆኜ ሮስተር ስሞላ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ዕድሜ ወደሚለው ዓምድ ነው። በአንድ ዓመት ክፍሌ ውስጥ መስከረም 1 የተወለዱ ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ቈጥሬያለሁ። እነዚህ ልጆች እውነተኛ ዕድሜያቸው በአራትና በአምስት ዓመት ሊለያይ ይችላል፤ እኛ ግን አንዱን ሰነፍ፣ ሌላውን ንቁ፣ ሦስተኛውን ረባሽ እያልን በአንድ ሚዛን እንሰፍራቸዋለን። እኔም ሰፍሬያለሁ። ከኋላ ተቀምጦ በወረቀት አውሮፕላን የሚጫወተውን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ስቈጣው ኖሬ፣ ወላጅ ሲመጣ እናቱ ከክፍሉ ልጆች በሁለት ዓመት እንደሚያንስ የነገረችኝ ጊዜ የምለው ጠፍቶኛል። ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

በሜሪላንድ የምትኖረው እኅቴም ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጉዳይ ይዛ ደወለችልኝ። በዚያ ግዛት ሕፃን መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ይህም በእኛ ነሐሴ 26 መሆኑ ነው። ልጇ በኦገስት መጨረሻ የተወለደ ስለሆነ ከክፍሉ ታናሽ ነው። መምህሩ ልጁ አርፎ መቀመጥ እንደማይችል፣ ትኩረት የማጣት ችግር እንዳለበት ሐኪም እንዲያየው መክረዋት ኖሮ ደንግጣለች። በ2018 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ነበር፤ መግቢያው ሴፕቴምበር 1 በሆነባቸው ግዛቶች በኦገስት የተወለዱ ልጆች በሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ በ34 በመቶ በልጦ ይህ ሕመም አለባችሁ ይባላሉ ይላል። በወር ሲታይ ጐረቤታሞች ናቸው፤ በክፍል ውስጥ ግን አንዱ ታናሽ፣ ሌላው ታላቅ ነው። ይህን ነግሬያት ወደ ሐኪም ከመሄዷ በፊት መምህሩን ልጁን ከማን ጋር እያነጻጸሩት እንደሆነ እንድትጠይቃቸው መከርኋት። ሐኪሙ አያስፈልግም አላልሁም፤ አንዳንዱ ልጅ በእርግጥ ሕክምና ያስፈልገዋል። ወሩ ግን አስቀድሞ መቈጠር አለበት።

የራሴ ፈተና የመጣው በመጨረሻ ልጄ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ተወለደች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የመጣች ስለሆነች የልደት ምስክር ወረቀት አላት፤ እንደ እኔ ጸሐፊ የሚፈጥርላት ልደት አይደለም። ነገር ግን ለ2018 ዓ.ም. ልናስመዘግባት ስንሄድ መዝጋቢዋ ከ2018 ላይ 2011 ቀነሰችና «ሰባት ሞልቷታል፤ አንደኛ ክፍል ትገባለች» አለችን። ስድስት ዓመት የሚሞላት ገና በዚያው ጳጉሜን ነበር። ከጳጉሜን የመጨረሻ ቀን እስከ መስከረም 1 ያለችው አንዲት ሌሊት በመቀነስ ሒሳብ ዓመት ትሆናለች፤ የሒሳብ መምህር ሆኜ እንኳ ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ባለቤቴ ልጅቱ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ጓደኞቿም እያለፉ ነው፤ ለምን እናስቀራታለን አለች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። እኔም ስለ ሰባተኛ ክፍል፣ ስለ አምበሎቹ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ ነገርኋት። ዩኬጂ እንድትደግም አደረግን። ልጄ ሦስት ቀን አኰረፈችኝ፤ ጓደኞቿ አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው ስታይም አልቅሳለች። ትክክል አድርጌ እንደሆነ የማውቀው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሌላውን መንገድ ስላላየሁት የማነጻጽርበት አይኖረኝም።

በዚህ ሰሞን ደግሞ የጡረታ ጉዳዬን ለማጣራት ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር ቢሮ ሄጄ ነበር። በሕጉ የመውጫው ዕድሜ 60 ነው። ማኅደሬ ወጣ፤ ስቀጠር የሞላሁት ቅጽ ከትምህርት መረጃዬ የተገለበጠ በመሆኑ መስከረም 1 ቀን 1969 ይላል። የጥምቀት ቀኔን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት እንዳሉ፣ እናቴም ምስክር እንደምትሆን ተናገርሁ። ባለሙያው በትሕትና ሰሙኝና የሚሠራው በመጀመሪያው ቅጥር ላይ የተመዘገበው ዕድሜ መሆኑን አስረዱኝ። ስለዚህ በ2029 ዓ.ም. መስከረም፣ እናቴ በምትቈጥረው ገና 58 ዓመቴ ሳለ እሰናበታለሁ። ከእኔ ጋር አብረው የሚወጡትን ባልደረቦች ዝርዝር አየሁት፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በዚያ በውትድርናው ዘመን ዓመት ያስቀነሱ ስለሆኑ በእውነተኛው ቈጠራ ያን ጊዜ 62 እና 63 ይሆናቸዋል። ሻይ ቤት ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ አንደኛው «እንግዲህ በስንብቱ ቀንም ሕፃኑ አንተ ነህ» አለኝ። ቁመቴም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ስላልጨመረ፣ ፎቶግራፍ ስንነሣ ከፊት የምቆመው እኔ እንደሆንሁ ከአሁኑ ተስማምተናል።